ተሽሎኛል ብዬ ጻፍኩ

ጥር 6፣ ሰኞ

ከእህቴ ሐዘን በኋላ ዛሬ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ሁሉም ሰው እንቅልፍ ላይ ያለሁ ይመስል ድምፁን ቀንሶ ነው የሚያናግረኝ። የሂሳብ መምህሩ ተራ በተራ ሲጠይቅ እኔ ጋ ሲደርስ ዘለለኝ። ድሮ ቢሆን ደስታዬ ነበር።

ጓደኛዬ ጭራሮ ብቻ እንደ ድሮው ነው። አጠገቤ ተቀመጠና «ፊትህን ታጥበሃል?» አለኝ።

«አዎ።»

«አይመስልም።»

ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

ጥር 8፣ ረቡዕ

እንዳልረሳው ልጻፈው።

እህቴ ዕቃ ትጠግን ነበር። ሥራዋ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ መጠገኑ ልማዷ ነው። በቀን አንድ ነገር። የተሰበረ ጃንጥላ፣ ጥርሱ የወለቀ ዚፕ፣ አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር። ጠግና ስትጨርስ አምስት ስድስት መስመር ትጽፋለች። ብሎጓ «ዛሬ ምን ጠገንኩ» ይባላል። የሚኖረውም እዚሁ እኛ ቤት ነው፤ እሷ ክፍል፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ። ገመዱ በግድግዳው ወርዶ ከኢንተርኔቱ ሳጥን ጋር ይገናኛል። ሰው የትም አገር ሆኖ ሲከፍተው ቁም ሳጥናችን ድረስ መጥቶ ነው የሚያነበው። ይህን ከነገረችኝ በኋላ ለረጅም ጊዜ ክፍሏ ስገባ የማላያቸው ሰዎች ያሉ እየመሰለኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምገባው።

ጭራሮ አንድ ቀን «ለምን እንደ ሰው ሁሉ ትልልቆቹ ድረ ገጾች ላይ አትጽፊም?» አላት።

«በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ምስማር ለመምታት አከራይ ማስፈቀድ አለብህ» አለችው። «ይሄ ጎጆዬ ነው። ቢያፈስም የራሴ ነው።»

ከገጹ ግርጌ ራሷ የሠራችው የቀን መቁጠሪያ አለ። የጠገነችበት ቀን ካሬው አረንጓዴ ይሆናል። ያልጠገነችበት ግራጫ ነው። አንባቢዎቿ ከጽሑፉ እኩል ካሬውን ይከታተላሉ። አንዳንዶቹም እሷን አይተው የየራሳቸውን ጀምረዋል።

ሆስፒታል ስትገባ ይለፍ ቃሉን ለኔ ሰጠችኝ። ምክትል ነበር የምትለኝ። «ምክትል፣ ቆሻሻ አስተያየት ሲመጣ ብቻ ጥረግ። ሌላ ነገር እንዳትነካ።»

ዛሬ ልጠርግ ገባሁ። ከታኅሣሥ አጋማሽ ወዲህ ያለው ሁሉ ግራጫ ነው። ብዙ አየሁት። ከዚያ ወጥ ቤት ሄጄ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ፈትቼ የውስጡን ጎማ ቀየርኩት። ተመልሼ የዛሬውን ካሬ አረንጓዴ አደረግሁት።

ቧንቧው ተጠግኗል። ውሸት አይደለም።

ጥር 11፣ ቅዳሜ

አስተያየቶቹ ተጠራቅመዋል። እሷ ካልፈቀደች አይወጡም። አብዛኛው ክኒን ሻጭ ነው፤ ጠረግሁት። በመሃል ግን ሰዓት ሠሪው አለ።

ስሙን አይጽፍም። «ሰዓት ሠሪው» ብሎ ነው የሚፈርመው። ሚስቱ ስትሞት ሱቁን ዘግቶ ቤት ቀርቶ ነበር። የእህቴን ብሎግ ሴት ልጁ አሳየችው። በቀን አንድ የሚለውን ይዞ ሱቁን ከፈተ። በቀን አንድ ሰዓት ይጠግናል፤ ጠግኖም ይነግራታል። እህቴ ስለሱ ስታወራ «የኔ ሽማግሌ» ትል ነበር።

የጻፋቸው በተራ ተደርድረዋል።

«ልጄ፣ ዛሬ የግድግዳ ሰዓት ነበረች። ሚዛኗ ተዛብቶ።»

«ልጄ፣ ጠፋሽ። ደህና ነሽ ወይ?»

«ልጄ፣ ያንቺ ካሬ ግራጫ ሲሆን የኔም እጅ ይዝላል። ዛሬ ምንም አልነካሁም።»

«ልጄ፣ ዛሬም አልከፈትኩም።»

የመጨረሻው የትናንት ነው። «አረንጓዴ አየሁ! ተመስገን፣ አለሽ። አንድ ቃል በይኝ።»

እማዬ እራት ቀረበ ብላ ተጣራች። መጣሁ አልኩ። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አባቴ፣ ትንሽ አሞኝ ነበር። አሁን ተሽሎኛል። ቧንቧ ጠገንኩ።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ሽማግሌው ሱቁን እንዲከፍት ነው። እንደዚያ ይመስለኛል። «ተሽሎኛል» የሚለውን መልሼ ሳነበው ግን ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ ነገር ተነሣ። ደግሜ አነበብኩት።

እራት ሁለት ጊዜ አነሳሁ። እማዬ ገረማት።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

ዚፕ። የጭራሮ ቦርሳ። በእረፍት ሰዓት ጠግኜ በምሳ ሰዓት ጻፍኩ። አረንጓዴ። ሰዓት ሠሪው ሱቁን ከፍቷል። ደወል ተደወለ።

ጥር 17፣ ዓርብ

ጭራሮ ከክፍል ስንወጣ ያዘኝ።

«አንተ፣ እህትህ ብሎጓ ላይ ስለኔ ቦርሳ ጽፋለች።»

ዚፑን አየሁ።

«ያውም ምን ብላ? 'ከቦርሳው ይልቅ ባለቤቱ ጥገና ያስፈልገዋል።'» ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። ፊቱ እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንተ እንደሆንክማ አውቃለሁ። ሰዎቹ ግን አያውቁም።»

«ሰውየው ሱቁን ዘግቶ ነበር።»

«እሺ። መቼ ነው የምትነግረው?»

«ቀስ ብዬ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ ሄዶ ሄዶ ዶሮ ነው የሚሆነው» አለ። «አንተ ሄደህ ሄደህ ምን ልትሆን ነው?»

ተቆጣሁት። ብቻዬን ወደ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ ግን ያሰብኩት ስለሱ አልነበረም፤ ነገ ምን እንደምጠግን ነበር።

ጥር 20፣ ሰኞ

የእሷን አጻጻፍ እያጠናሁ ነው። ዐረፍተ ነገሯ አጭር ነው። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ትንሽ ቀልድ አለች፤ ቀልዷ ዕቃው ላይ እንጂ ሰው ላይ አትሆንም። ስለ ቦርሳው የጻፍኩት ስሕተት ነበር። እሷ ብትሆን «ባለቤቱ» አትልም ነበር። እንዲህ ስትል እሰማታለሁ፦ «ምክትል፣ ሰውን ተወው፤ ዚፑን ስደበው።»

ዛሬ የመጋረጃ ዘንግ። ቀልዱ አልመጣልኝም። ያለ ቀልድ አወጣሁት።

ጥር 22፣ ረቡዕ

አባዬ ቁርስ ላይ «ያ ነገር ሲያጉረመርም ያድራል» አለ። ላፕቶፑን ነው። ክፍላቸው ከእህቴ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። «ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ አውቶቡስ የምነዳ ሰው ነኝ። ይጥፋ።»

«ማራገቢያው አቧራ ይዞ ነው። አጸዳዋለሁ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ፈታሁት። ውስጡ አቧራ ብቻ አይደለም፤ የእህቴ ረጅም ፀጉር ማራገቢያው ላይ ተጠምጥሟል። በወረንጦ አወጣሁት። የት እንደማደርገው አላወቅሁም። መጽሐፍ መሃል አደረግሁት።

ሲበራ ድምፁ በጣም ቀንሷል። ስለ ማራገቢያው ጻፍኩ። ስለ ፀጉሩ አልጻፍኩም።

ጥር 23፣ ሐሙስ

አባዬ ጠዋት በሬን ገፋ አድርጎ «አጠፋኸው እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ አጽድቼው ነው።»

«አልሰማ ሲለኝ ተነሥቼ አየሁት» አለ። ቆሞ የሆነ ነገር ሊጨምር ፈልጎ ነበር። ሰዓቱ ደርሶበት ሄደ።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

«የሦስት ልጆች እናት» እያለች የምትፈርም አንባቢ አለች። ዛሬ እንዲህ ብላለች፦ «እህቴ፣ አትቀየሚኝና ጽሑፍሽ ተለወጠብኝ። ቀልድሽ ቀነሰ፣ ጥገናሽ በረታ። ሕመም እንደዚህ ነው፤ እኔም ከሁለተኛው በኋላ እንዲሁ ሆኜ ነበር። አይዞሽ።»

አይዞሽ የሚለውን ሳነብ አለቀስኩ። በሴት ጾታ የመጣ አይዞህ እንዴት እንደሚያስለቅስ አላውቅም።

ይህን ያህል የሚያስቡላት ሰዎች ለቅሶ አልመጡም። ማንም አልነገራቸውማ።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

እማዬ ዛሬ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ክፍሌ ገባች። የምትሠራው ሆቴል ነው፤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አንሶላ ትተኩሳለች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ከወሊድ ፈቃድ ተመለሰች» አለች።

«እሺ።»

«እህትህ የታመመች ጊዜ ብሎጓን ያሳየኋት እኔ ነኝ። በዚያው ፈቃድ ወጣች፤ ሌላውን አልሰማችም።» ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። «ዛሬ ምድር ቤት ድረስ ወርዳ አቀፈችኝ። 'እንኳን ደስ ያለዎት፣ ልጅዎ ተሽሏታል አይደል? ሕፃኑን ሳጠባ በየቀኑ ነው የማነባት' አለችኝ።»

 ከግድግዳው ማዶ ላፕቶፑ ቀስ ብሎ ይነፋል።

«የሚተኩሱት ሁሉ ቆሙ። ካውያቸውን እንደያዙ። አንዷ እንዲያውም አንሶላ አቃጠለች፤ ሸተተኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

እጇን አየች። ከእንፋሎቱ የተነሣ ሁልጊዜ ቀይ ነው።

«አዎ አልኳት። ተሽሏታል፣ ፈጣሪ ይመስገን አልኳት።»

እስክትቆጣኝ ጠበቅሁ። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ተነሥታ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ዛሬ ምን ጠገነች?»

«የወንበር እግር።»

«ጎበዝ» አለች። ለማን እንደሆነ አላውቅም።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

እማዬ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እጇን ታጥባ፣ ሻይ ቀድታ፣ «ዛሬስ?» ትላለች። የበር እጀታ። የመብራት ማብሪያ። የአባዬ መነጽር ብሎን። እያንዳንዱን ስነግራት እንደ ወሬ ትሰማለች፤ ከሩቅ አገር እንደ መጣ ወሬ።

ደስ ብሏታል። ትናንት ዩኒፎርሜን ስትተኩስ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ታዲያ ምን ክፋት አለው? ማን ተጎዳ?

ጭራሮ አሁንም አያናግረኝም። ማለቴ እኔ አላናግረውም።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ጠዋት እየተቻኮልኩ ሳለ እማዬ የሥራ ሽርጧን አመጣች። ኪሱ ተተርትሯል።

«ይህን ለእህትህ ስጣት» አለች።

ተቀበልኳት። ምን ላድርግ? «እሺ» አልኩ። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። እየጻፍኩ ያለሁት ፌርማታ ላይ ነው።  እማዬ ታውቃለች እኮ። ታውቃለች። ቀብሩ ላይ ነበረች።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ሽርጡን ሳልሰፋው ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር። ስንፍና አይደለም። መርፌውን ባነሣሁት ቁጥር ማን እየሰፋ እንደሆነ ይጠፋኛል።

አባዬ ለምሳ ሲቀመጥ አነሣው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እህቱ ትሰፋዋለች» አለች እማዬ። ጨው አቀብለኝ እንደምትል።

አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ይጮህብኛል፣ የቤቱን አልፈልግም ይላል። ዛሬም አልጮኸም።

«እኔ ልጄን አንዴ ቀብሬያታለሁ» አለ። «ስንት ጊዜ ልታስቀብሩኝ ነው?»

ተነሥቶ ወጣ። እማዬ ሽርጡን ለአራት አጠፈችው፤ እንደ ሆቴሉ አንሶላ፣ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ። «ይበርደዋል። ጃኬቱን ውሰድለት» አለችኝ።

ፌርማታው ጋ አገኘሁት። የእረፍት ቀኑ ነው፣ የሚሄድበት የለም፤ ተቀምጦ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ያያል። ሾፌሮቹ እጃቸውን ሲያነሡለት ያነሣላቸዋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ካሬውን፣ ሽማግሌውን፣ ተሽሎኛል ያልኩትን።

«ብዙ ሰው ነው የሚያነባት?»

«ብዙ አይደለም።»

«ስለሷ ምን ይላሉ?»

«ይወዷታል።»

ጃኬቱን ለበሰ። ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፈ።

«እንግዲህ እነሱ ይወዷታል፣ አንተ ትዋሻቸዋለህ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ አንድ አውቶቡስ ካለፈ በኋላ፣ «የመነጽሬን ብሎን ያጠበቅኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ጥሩ አድርገህ ነው ያጠበቅኸው» አለ።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

ሰዓት ሠሪው ጻፈ። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ።

«ልጄ፣ በወሩ መጨረሻ ለዓይን ሕክምና ወደ እናንተ ከተማ እመጣለሁ። ዓይኔ ደክሟል፤ እሱ ከሄደ ሥራዬም አብሮ ሄደ። ከሐኪሙ በፊት ግን አንቺን ሰላም ልበል። አንዲት የእጅ ሰዓት ይዤልሽ እመጣለሁ። የሚስቴ ናት። ቆማ ነበር፤ እኔም ልነካት አልደፈርኩም ነበር። ባለፈው ሳምንት ከፈትኳት። አንቺ ከሕመምሽ ተነሥተሽ ከሠራሽ እኔ ጤነኛው ምን ያዘኝ ብዬ ነው። የት ልምጣ?»

«ከከተማ ወጥቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። «ሐኪም እንግዳ እንዳላይ ከልክሎኛል» አልኩ። አጠፋሁት። «ሌላ ጊዜ» አልኩ። ሌላ ጊዜ የለም። አጠፋሁት።

ባልዋሽ ኖሮ የሚስቱን ሰዓት አይከፍትም ነበር። ስለዋሸሁ ደግሞ ሊመጣ ነው። የቱ ጥሩ፣ የቱ ክፉ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እህቴን ልጠይቃት ተነሥቼ ነበር። እውነቴን ነው። ከወንበሩ ተነሥቼ ነበር።

የካቲት 15፣ ዓርብ

የሂሳብ ፈተና። ግማሹን ባዶ ሰጠሁ። ኮሪደር ላይ መምህሩ ለሌላዋ መምህርት ሲነግራት ሰማሁ። «ጎበዝ ልጅ ነበር። ከእህቱ ጋር ሄደ እንጂ።»

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆምኩ። ጭራሮ ተከትሎኝ ገባ።  ከመስተዋቱ ፊት ቆሞ ፀጉሩን አበጠረ፤ የሚበጠር ፀጉር የለውም።

«ሰውየው ሊመጣ ነው» አልኩት።

«እና?»

«መርዶ መንገር አልችልም። ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

«ለኔስ?» አለ። «ያን ቀን ጠዋት ደውለህ አልነገርከኝም? አንድ ቃል ነበር ያልከው። ከዚያ በኋላ እኔ ነኝ ያወራሁት።»

ረስቼው ነበር። ጨርሶ ረስቼው ነበር።

የካቲት 17፣ እሑድ

አባዬ ሥራ ላይ ነው። ዛሬ ለእማዬ ነገርኳት፤ ማለቴ እውነቱን ላወጣ መሆኑን። የእህቴ ክፍል ነበርን። ላፕቶፑን ከቁም ሳጥኑ አውርጄ አልጋው ላይ አድርጌዋለሁ። የሽማግሌውን ጽሑፍ አነበብኩላት።

«ትንሽ ቀን ቆይ» አለች።

«ሊመጡ ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ይምጡ።»

«መጥተው የት ናት ሲሉስ?»

«ተኝታለች እንላቸዋለን።»

ያለችውን ራሷ ሰማችው። እጇ አንሶላው ላይ ቆመ። እኔም ወደ መስኮቱ አየሁ፤ የሷን ፊት ማየት ነውር መሰለኝ። ከዚያ በማላውቀው ድምፅ መናገር ጀመረች።

«እጇን ይዤ ነበር። ተኛች ብዬ ደስ ብሎኝ። ሐኪሙ ገብቶ አያት፣ ከዚያ አባትህን ወደ ኮሪደር ጠራው። በበሩ መስታወት አባትህ ግድግዳውን ሲደገፍ አየሁት። ወዲያው ሰዎች ብብቴን ይዘው አወጡኝ። ቤት ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ሁሉም አውቋል። አይዞሽ፣ አይዞሽ። ለእያንዳንዱ የነገረው አለ። ለኔ ግን በአፉ የነገረኝ ሰው የለም። ሁሉም ሌላው የነገረኝ ይመስለዋል።»

«እማዬ…»

«ለነሱ ከመጻፍህ በፊት ለኔ ንገረኝ።»

አልቻልኩም። ከዚያ ደግሞ ቻልኩ። ወለሉ ላይ ከፊቷ ተቀመጥኩና ሁለት እጇን ያዝኩ።

«እማዬ፣ እህቴ ሞተች።»

ራሷን ነቀነቀች። ዛሬ እንደሰማ ሰው ጠየቀችኝ።

«መቼ?»

«ታኅሣሥ ውስጥ። ሊነጋጋ ሲል።»

«ብቻዋን ነበረች?»

«አልነበረችም። አንቺ እጇን ይዘሽ ነበር።»

«አሟት ነበር?»

«አላመማትም። የተኛች ነው የመሰለሽ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚህ አላለቀሰችም፤ ያን ቀን ሌሎቹ ሲያለቅሱላት እሷ እንግዳ የምትቀበል ነበር የምትመስለው። እኔም አልተነሣሁም። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር።

ሲለቃት ዓይኗን በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ «ጻፍ» አለችኝ። «አርፋለች» ብዬ ጀመርኩ። «ሞተች በል» አለች። «አረፈች ካልክ ደክሟት ነበር ይላሉ። ልጄ አልደከማትም።» ካሬዎቹን ግራጫ ላደርጋቸው ነበር። «ዕቃው ተጠግኗል አይደል? ተዋቸው።»

የጻፍነው ይህ ነው፦

«እኔ ወንድሟ ነኝ። እህቴ ታኅሣሥ ውስጥ በልብ ሕመም ሞተች። ከጥር ወዲህ እዚህ የወጣውን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዕቃዎቹን በእርግጥ ጠግኛቸዋለሁ። ተሽሎኛል ያልኩት ግን ውሸት ነው። አልተሻላትም። ይቅር በሉኝ። የሦስት ልጆች እናት፣ አይዞሽ ያልሽውን እኔ ወስጄዋለሁ፤ አመሰግናለሁ። ሰዓት ሠሪው አባቴ፣ የኔ ሽማግሌ እያለች ነበር የምታወራዎት። በኔ ውሸት የከፈቷትን ሰዓት መልሰው እንዳይዘጓት እለምንዎታለሁ። የቤታችንን አድራሻ ለብቻ እልክልዎታለሁ። እናቴ ይምጡ ብላለች።»

ላወጣው ጣቴን ሳሳርፍ እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«ያቺ የሆቴሉ ልጅ ታነበዋለች። አራስ ናት፤ ሕፃኑን ታቅፋ ብቻዋን ሆና ታነበዋለች። እኔ ሳልነግራት አታውጣው።»

የካቲት 18፣ ሰኞ

ከእማዬ ጋር ሆቴሉ ድረስ ሄድኩ። በሠራተኞች በር ነበር የምትገባው፤ ዛሬ በፊት ለፊቱ ገባች። እኔ ከመስታወቱ በር ውጭ ስልኬን ይዤ ቀረሁ። ጽሑፉ ተከፍቶ ጠብቆኛል።

ልጅቷ ስታያት ፈገግ ብላ ተነሣች። እማዬ እጇን ያዘቻት። የምትለው አይሰማኝም፤ ረጅም ግን አልነበረም። ልጅቷ መጀመሪያ ራሷን ወዘወዘች፣ አይሆንም እንደሚል ሰው። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሻንጣ የያዘ እንግዳ ከኋላ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሰዓቱን አየ፣ እነሱን አየ፣ ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

እማዬ ጠረጴዛውን ዞራ ሄዳ አቀፈቻት። ጀርባዋን ቀስ እያለች መታ መታ ታደርጋታለች፣ ሕፃን እንደምታስተኛ። አፏ ሲንቀሳቀስ አይዞሽ እያለቻት እንደሆነ አወቅሁ። ከዚያ በልጅቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝና ራሷን ነቀነቀችልኝ።

አወጣሁት።